የሰሜን ተራሮች የበጋ ጉዞ

የሰሜን ተራሮች የበጋ ጉዞ በሰሜን ጎንደር ወደሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክረምቱ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ የዋሊያ፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው።

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደባርቅ ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና የጭነት በቅሎም የሚገኙት እዚያው ነው። የተለመደው መንገድ በሳንቃበርና በግጭ የድንኳን ሰፈሮች ያልፋል።

ከፍታውን አቅልሎ ማየት አይገባም። 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የተነሳ ተጓዥ ሳንቃበር ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል፤ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ስለሚያጋጥም በመጀመሪያው ቀን አጭር መንገድ መሄድ ይመረጣል። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ይታያል። ለዚህ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የመንገዱን ደኅንነት ማጣራት ከዝግጅቱ ሁሉ ይቀድማል።