ዛሬ ገማች፣ ነገ ቀላድ

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዐሥራትን አስቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይከፍላል።

ጎጃም ግን እንዲያ አላየውም። ዛሬ ምርት ገማች ማሳው ከገባ ነገ መሬት ለኪው ቀላድ ጣይ ይከተላል፤ ከዚያ ርስት የሚባል ነገር አይኖርም ሲል ገበሬው ሰጋ። ሥጋቱ ከባዶ አልመጣም። በ1930ዎቹ የተሞከረው የመሬት ልኬትም እዚያው አመፅ አስነሥቶ ነበር። በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ ያደረው ምሬት ሲጨመርበት፣ የሞጣና የደጋ ዳሞት ሰው መሣሪያውን አነሣ።

መንግሥት ጦር ላከ፤ የጦር አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። ግብር ለመሰብሰብ ቦምብ! (ወጪውን ማን አሰበው?)

በመጨረሻ አገረ ገዢው ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ።