ሽቦው ወደ ገጠር የወጣው ለማን ነበር?

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። ሥራው በ1899 ሲጠናቀቅ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሽቦው ቆላውንና ደጋውን፣ የአርብቶ አደሩን ግጦሽና የገበሬውን ማሳ አቋርጦ ነበር። ይሁን እንጂ ሽቦው በማሳው ላይ ያለፈበት ገበሬ ከዚያ ሽቦ የሚሰማውም ሆነ የሚናገርበት ነገር አልነበረም። በዋነኛነት የሚነጋገሩት በሁለቱ ጫፍ ያሉት ነበሩ፤ በአንዱ ጫፍ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በሌላው የሐረሩ ገዥ ራስ መኰንን።

ዛሬ ስለ ገጠር ብሮድባንድ ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። አንደኛው ስንት ሰው በሽፋን ውስጥ ገባ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ፍጥነቱ ስንት ሜጋ ቢት ነው የሚል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የኢትዮጵያ የመገናኛ ታሪክ ግን ሦስተኛ ጥያቄ እንዲታከልበት ግድ ይላል፦ መስመሩ ሲደርስ ማን ይናገርበታል፣ ማንስ ያዳምጥበታል?

የቤተ መንግሥት ጆሮ

የምኒልክ ስልክና ቴሌግራፍ ከሐረር መስመር በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፋ። የዘመኑን የመንግሥት አስተዳደር ለሚያጠና ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ቀድሞ ከማዕከል መልእክተኛ እስኪደርሰው ድረስ ሳምንታት የሚጠብቅ የጠቅላይ ግዛት ገዥ አሁን ትእዛዝ በዕለቱ ይደርሰው ጀመር፤ እሱም የሰማውን ወሬ በዕለቱ ያስተላልፋል። ሽቦው አገርን አንድ ለማድረግ የዋለ ትልቅ መሣሪያ ነበር። ለነጋዴውም ጠቅሟል። ለባላገሩ ግን ግብሩ፣ ክርክሩና አቤቱታው እንደ ቀድሞው በእግር የሚኬድባቸው ጉዳዮች ሆነው ቀሩ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገልግሎቱ በአዲስ መልክ ተደራጀ። በ1951 የዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነበር። በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ራሱን በገቢው እንዲያስተዳድር የታሰበ ተቋም በመሆኑ ሥራው በሥርዓት የሚመራ ነበር። ነገር ግን በገቢው የሚኖር ተቋም ገቢ ወዳለበት ማየቱ አይቀርም፤ ገቢው ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በጥቂት ከተሞች ነበር። በ2000 እንኳ በአገሪቱ ከ100 ሰዎች ለአንዱም የሚዳረስ መደበኛ የስልክ መስመር አልነበረም።

ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ምስል

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መንግሥት በገጠር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የሚሰጣቸውን ሁለት መርሐ ግብሮች ጀመረ። ወረዳኔት ከ500 በላይ የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር አገናኘ። ስኩልኔት ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተክሎ ትምህርት ከማዕከል አሠራጨ።

የሐሳቡን ትልቅነት መካድ አይቻልም። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ርቃ የምትገኝ የወረዳ ከተማን ከዓለም ጋር ለማያያዝ የደፈረ የግል ኩባንያ አልነበረም፤ ሕጉም አይፈቅድም ነበር። ሆኖም የመስመሮቹ አሠራር የቀደመውን ልማድ ተከተለ። በወረዳኔት የቪዲዮ ስብሰባ ከላይ ያለው ባለሥልጣን መመሪያ ይሰጣል፣ ከታች ያለው ይሰማል። በፕላዝማው ትምህርት ውጭ አገር በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ምስል በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፣ መምህሩም ሥርጭቱን ማቆም አይችልም። ወረዳው ከመስመሩ ጋር ተያይዟል፤ በወረዳው የሚኖረው ገበሬ ግን አልተያያዘም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መዋዕለ ንዋይ መጠኑ ሰፊ ነበር። በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈረመ። የፋይበር አውታሩና የተንቀሳቃሽ ስልክ ማማዎቹ በአብዛኛው የዚህ ዘመን ፍሬ ናቸው። በ2019 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ገበያውን ከፈተ፤ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2021 ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2022 ሥራ ጀመረ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር በ2024 አጋማሽ ከ78 ሚሊዮን አለፈ። በዚያው ወቅት ግን የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ቁጥር ሲገመት ከአምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ገደማ ነበር። ከሕዝቡ ከሦስት አራተኛው በላይ የሚኖረው በገጠር መሆኑ ሲታሰብ፣ ያልተገናኙት እነማን እንደሆኑ መገመት አያዳግትም። በሽፋን ውስጥ መኖርና መስመሩን መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው የስልኩ ዋጋ፣ የዳታው ሂሳብ፣ የመብራት መኖርና በራስ ቋንቋ የሚነበብ ነገር ማግኘት ይቆማሉ።

የአጥር ሽቦና የ5 ዶላር መዋጮ

ሌላ ጅማሬ የነበረው ታሪክ በአሜሪካ ገጠር ይገኛል። የቤል ኩባንያ ዋና ዋና የፈጠራ መብቶች በ1893 እና በ1894 ሲያበቁ ኩባንያው የናቃቸው ገበሬዎች የራሳቸውን የስልክ ማኅበር መመሥረት ጀመሩ። በአንዳንድ ስፍራ የከብት አጥር የሆነውን እሾሃማ ሽቦ እንደ ስልክ መስመር ተጠቀሙበት። የአየር ጠባይ፣ የገበያ ዋጋና የጎረቤት ሐዘን በአንድ መስመር ላይ ይሰማ ነበር። በ1920 ከአሜሪካ እርሻዎች 39 በመቶ ያህሉ ስልክ ነበራቸው።

ይህ ታሪክ ግን የአሸናፊነት ብቻ አይደለም። የእህል ዋጋ ወድቆ ድቀቱ ሲበረታ ገበሬው መዋጮውን መክፈል አቃተው፤ ምሰሶው በሰበሰ፣ ሽቦው ዛገ። በ1940 ስልክ ያላቸው እርሻዎች ወደ 25 በመቶ ወረዱ። በራስ ጉልበት መሥራት ለመጀመር ይበቃል፤ ለማቆየት ግን ርካሽና ረጅም ብድር ያስፈልጋል።

ያንን ብድር ያመጣው የመብራት ጉዳይ ነበር። በ1935 ከከተማ ቤቶች አብዛኞቹ መብራት ሲኖራቸው ከእርሻዎች ግን ከአሥሩ ዘጠኙ በጨለማ ነበሩ። በዚያ ዓመት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር ተቋቋመ፤ በ1936 በሕግ ጸና። መንግሥት መስመሩን ራሱ አልዘረጋም። በዝቅተኛ ወለድ አበደረ፣ መሐንዲስ ላከ፣ የሥራ ደረጃ አወጣ፤ መስመሩን የዘረጉትና ባለቤት የሆኑት ብዙውን ጊዜ 5 ዶላር እያዋጡ አባል የሆኑ ገበሬዎች ያቋቋሟቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከእርሻዎች ከ90 በመቶ በላይ መብራት አግኝተው ነበር። በ1949 ደግሞ ብድሩ ለገጠር ስልክ እንዲውል ተፈቀደ። ዛሬ ከ200 በላይ የኤሌክትሪክ ማኅበራት በእነዚያው ምሰሶዎች ላይ የብሮድባንድ ፋይበር ይዘረጋሉ ወይም ለመዘርጋት ተነሥተዋል።

በአንጻሩ በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለብሮድባንድ 42.45 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ገንዘቡ በአብዛኛው በዕቅድና በማጽደቅ ሂደት ላይ ነበር። የወር ሂሳብ የሚደጉመው መርሐ ግብር ደግሞ 23 ሚሊዮን ቤተሰቦችን ከመዘገበ በኋላ በ2024 በገንዘብ እጦት ተዘጋ። የገንዘብ ብዛት ብቻውን የ1936ቱን ውጤት አይደግምም።

ገበሬው ሲጠይቅ

ይህ ምሳሌ ለኢትዮጵያ አይሠራም የሚል መልስ ይጠበቃል፤ መሠረት የሌለውም አይደለም። በደርግ ዘመን የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በግዴታ ተመሥርተው ነበር። በ1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አባላቱ አብዛኞቹን ማኅበራት በአጭር ጊዜ አፍርሰው መሬቱን ተከፋፈሉ። ገበሬው ያፈረሰው ግን በስሙ የቆመውን የሌላ ሰው ተቋም እንጂ መተባበርን አልነበረም። ከ1998ቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ በኋላ የተመሠረቱት የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ቡናቸውን በቀጥታ ለውጭ ገበያ ያቀርባሉ። ዕድርና ዕቁብን ለዘመናት ያቆየ ማኅበረሰብ ደግሞ መዋጮ መሰብሰብንና አባልን መቆጣጠርን ከማንም አይማርም።

የፍላጎት ማስረጃም አለ። በ2014 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ8028 የስልክ ቁጥር የግብርና ምክር መስጠት ጀመረ። አገልግሎቱ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚሰጥ፣ በማንኛውም ተራ ስልክ የሚሠራና ከክፍያ ነፃ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥሪ ተቀበለ። ገበሬው ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው ለማወቅ ደወለ፤ ቅስቀሳም ሥልጠናም አላስፈለገውም። ልዩነቱ ጥያቄው ከእሱ መነሣቱ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዋናው ፋይበር እስከ ወረዳ ከደረሰ ከዚያ እስከ ቀበሌ ያለውን መንገድ ዩኒየኖችና የአካባቢ ማኅበራት በጅምላ ዋጋ ተከራይተው የሚያገለግሉበት አነስተኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ብድሩ ከመዘርጋቱ ባሻገር ጥገናውን ማሰብ አለበት፤ የ1920ዎቹ የአሜሪካ ገበሬዎች የወደቁት እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ስኬት መለካት ያለበት ማማው በሸፈነው ስፋት ሳይሆን የገጠር ነዋሪው በወር ውስጥ በተጠቀመበት መጠን ነው።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ከኢኮኖሚም ያልፋል። በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በትግራይ፣ በ2023 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በዋሽንግተን፣ በሪያድና በፍራንክፈርት የሚኖሩ ቤተሰቦች የወላጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራት ቆጥረዋል፤ በትግራይ ጊዜው ከዓመት በላይ ነበር። በብዙ እጆች የተያዘ መስመር በራሱ ይህን አያስቀርም፤ መንግሥት ሁሉንም መዝጋት ይችላል። ነገር ግን መስመሩ የአባላት ሀብት በሆነበት ስፍራ መቋረጡ የሚያከስረው፣ ስለ ኪሳራውም በሕጋዊ ሰውነት ቆሞ የሚጠይቅ የአካባቢ ባለቤት ይኖራል። እስካሁን የጠየቀው በአብዛኛው ውጭ ያለው ዘመድ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች ለትውልድ አካባቢያቸው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲልኩ ቆይተዋል። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ በሁለተኛው ዓመት የመስመሩን ሂሳብ የሚከፍለው ማነው፣ ሲበላሽስ የሚጠራው ሰው የማን ሠራተኛ ነው? መልሱ የቀበሌው ነዋሪዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ይቆያል። መልሱ ከአዲስ አበባ ወይም ከሜሪላንድ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ሽቦው እንደ 1899ኙ በማሳው ላይ አልፎ ይሄዳል።