አክስታችንና እናታችን ወለተ ጴጥሮስ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ፥ በመጀመሪያ የታሰቡን ባለፈው ዓመት ያረፉት አክስታችን ናቸው። አክስታችን ከማኅፀናቸው ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን እኛን የወንድማቸውን ልጆች አጥበው፥ አብልተው፥ መክረው አሳድገውናል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም ጾሙን ከነቀኑ፥ በዓሉን ከነታሪኩ ያውቁት ነበር። በየዓመቱም ለኅዳር 17 ቀን ከባሕር ዳር ተነሥተው በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ቆራጣ ይሄዱ ነበር።

አንድ ጊዜ «የማን በዓል ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ነዋ! እሷም እንደኔ በእጇ የቀረ ልጅ የላትም። ግን የስንቱ እናት እንደ ሆነች ታውቃላችሁ?» አሉን። እኛም ይህን ቃላቸውን ይዘን ታሪኳን ብንመረምር የሚከተለውን አገኘን።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1592 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷም ክርስቶስ እብያ ይባሉ ነበር፤ ወገናቸውም ከመኳንንት ነው። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ የዐፄ ሱስንዮስን ባለሟል መልክአ ክርስቶስን አገባች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

በዚያ ዘመን ንጉሡ በኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርት ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት አዘንብለው ነበር። በዚህ የተቈጡ ሰዎች ባመፁ ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከእነርሱ ጋር ሆነው በ1617 ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ ከንጉሡ ወገን መቆሙን ባየች ጊዜ የሞላ ቤቷን ትታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች፤ ጠጕሯን ተላጭታም መነኮሰች። በሎሌና በገረድ የኖረች እመቤት ራሷ ውሃ መቅዳት፥ ራሷ እህል መፍጨት ጀመረች። እዚያም እኅተ ክርስቶስ ከምትባል መነኩሲት ጋር ተገናኘች፤ ጓደኝነታቸው እስከ ሞት ጸና።

በ1622 ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በግልጥ ተቀበሉ። እርስዋ ግን ስማቸው በቅዳሴ እንዳይጠራ እያስተማረች ከአገር አገር ዞረች። ተይዛም በንጉሡ አደባባይ ቆመች። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ብዙ ደከመ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ በምዕራብ ቆላ ወደሚገኘው ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ቆየች። ነገር ግን ግዞቱ ብቻዋን አላስቀራትም፤ ወዳጆቿ እየተከተሉ መጡና የመጀመሪያው ማኅበሯ በግዞት አገር ተመሠረተ።

ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው እምነት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ኖረች። በዕድሜዋ ሰባት ማኅበራት መሠረተች። ልጆቿን የቀበረችው ሴት የብዙ መነኮሳትና መነኮሳይያት እናት ሆነች። በ1642፥ በኅዳር 17 ቀን፥ በ50 ዓመቷ ዐረፈችና በጣና በሬማ ደሴት ተቀበረች። ከሞቷም በኋላ በቆራጣ በስሟ ገዳም ተተከለ።

ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1672፥ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ የሚያውቋትን ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን በግዕዝ ስለ ጻፈ ነው። እርግጥ ነው፥ ጸሐፊው ወዳጅ እንጂ ገለልተኛ ዳኛ አልነበረም፤ የታሪክ ተማሪ ይህን አይርሳ። ሆኖም እርሱ ባይጠይቅ፥ እነዚያም ሽማግሌዎች ሳይናገሩ ቢሞቱ ኖሮ፥ ታሪኳ አብሯቸው በተቀበረ ነበር። መጽሐፉ በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። በጣና ዳር የተነገረው ባሕር ተሻግሮ ይነበባል ማለት ነው።

እኛ ግን የአክስታችን ተዝካር በደረሰ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን ልንጽፍ ተቀምጠን፥ የተወለዱበትን ዓመት እንኳ የሚነግረን አላገኘንም። ያውቁት የነበሩት አስቀድመው ሞተዋል። እርሳቸውንም በሕይወት ሳሉ አልጠየቅናቸውም። የወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ለእኛ የነገሩን ሴት የራሳቸው ታሪክ በአንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈም።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ሆይ፥ እናትም አክስትም አያትም ያላችሁ ሁሉ፥ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። የት ተወለዱ? ማን አሳደጋቸው? በጭንቅ ቀን ምን አጸናቸው? እያላችሁ ጠይቁ፤ ጻፉም። ለእኛ ጊዜው አልፎብናል፤ ለእናንተ ግን ገና ነው። ይህችም ጽሑፍ ዘግይታም ቢሆን ለአክስታችን መታሰቢያ ትሁንልን።