ሙቀት፣ ብቸኝነትና የከተማ ፕላን፦ አረጋውያንን የሚጠብቅ ሰፈር

የአየር ንብረት ለውጥ በከተማ ፕላን ውይይት ሲነሣ ጎርፍና የውሃ እጥረት ይቀድማሉ። ሙቀት ቤት አያፈርስም፣ መንገድ አይቆርጥም፤ የሚገድለው በዝግ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሚገድላቸውም የሚበዙት አረጋውያን ናቸው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አረጋውያንን ከሙቀት መጠበቅ የዛፍና የጥላ ያህል የጉርብትና ጉዳይ መሆኑ ነው። ጉርብትናን ደግሞ ፕላን ያጸናዋል፤ ፕላን ያፈርሰዋል።

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት የሚያመነጨው ላብ ይቀንሳል፣ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ የሚገፋው ልብም ይዝላል። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት መካከል ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ፈሳሽ ያሳጣሉ። አስፋልትና ኮንክሪት ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቁት፣ የከተማ አረጋዊ ሰውነቱ የሚያገግምበትን ቀዝቃዛ ሌሊት ያጣል።

ነገር ግን እኩል ሙቀት እኩል አይገድልም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 ቺካጎን የመታው የሙቀት ማዕበል ለ739 ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ ይገመታል። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኤሪክ ክላይነንበርግ በ2002 ባሳተመው ጥናት ሰሜን ሎንዴልንና ደቡብ ሎንዴልን አነጻጽሯል። ሁለቱ ሰፈሮች ይዋሰናሉ፤ በሁለቱም ድህነት ነበረ፤ በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። የሞት ምጣኔው ግን በሰሜኑ ከደቡቡ አሥር እጥፍ ያህል ነበር። በሰሜኑ ፋብሪካዎችና ሱቆች ተዘግተው፣ ባዶ ቦታ በዝቶ፣ አረጋውያን ወንጀልን ፈርተው በራቸውን ዘግተው ይኖሩ ነበር። በደቡቡ ገበያው የሞቀ፣ መንገዱ ሰው የማይለየው ስለነበር ለመውጣት ምክንያትም ድፍረትም ነበራቸው።

የፈረንሳይ ልምድ ደግሞ ፖሊሲ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። በኦገስት 2003 ከተለመደው በላይ ወደ 15,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ከ75 ዓመት በላይ ነበሩ። ከአደጋው በኋላ የተደረገ ጥናት ከጣሪያ ሥር ባለ ክፍል መተኛት አደጋውን እንደሚያባብስ፣ ማኅበራዊ ተሳትፎ እንደሚቀንሰው አረጋገጠ። በ2004 አገሪቱ ብሔራዊ የሙቀት ዕቅድ አወጣች። ማዘጋጃ ቤቶች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በፈቃዳቸው እንዲመዘግቡና ማስጠንቀቂያ ሲታወጅ እንዲጠይቋቸው ተደነገገ። በጁላይ 2006 ማዕበሉ ሲመለስ፣ ሟቾቹ በሙቀቱ መጠን ከተጠበቀው በ4,400 ያህል እንዳነሱ ተመራማሪዎች ገምተዋል። ሆኖም መዝገቡ አንድ ክፍተት አለው፦ ከሰው ይበልጥ የራቀው አረጋዊ ራሱን የማስመዝገብ ዕድሉ ያነሰ ነው። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በየቀኑ የሚያየው ጎረቤት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ያወጣው ለአረጋውያን ተስማሚ ከተሞች መመሪያ መቀመጫንና የሕዝብ መጸዳጃ ቤትን በትኩረት አንሥቷል፤ ከስምንቱ ዘርፎቹ ግን አንዱም ስለ አየር ንብረት አይደለም። ሁለቱ ጉዳዮች መገናኘት አለባቸው። መጸዳጃ እንደማያገኝ የሚያውቅ አረጋዊ ውሃ ሳይጠጣ ይወጣል፣ ወይም ከቤቱ አይወጣም። ማረፊያ ወንበር የሌለበት መንገድም ጥላ ወዳለበት መናፈሻ አያደርሰውም።

አዲስ አበባ የቺካጎ ዓይነት ሙቀት ባይኖርባትም ትምህርቱ ይመለከታታል፤ ለድሬዳዋና ለሰመራ ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው። ነባር ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሊፍት በሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች ሲበተን፣ አራተኛ ፎቅ የደረሰው አረጋዊ መውጫውንም፣ ከቀረ የሚጠይቀውን የእድርና የቡና ጎረቤቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ የመልሶ ማስፈር ፕላን ጎረቤታሞችን አብሮ ማዛወር፣ ምድር ቤቱን ለአረጋውያን ማስቀደም፣ ከበራቸው እስከ ጥላ፣ ውሃና መጸዳጃ ያለውን ርቀት በአረጋዊ እርምጃ መለካት ይኖርበታል። እነዚህ መስፈርቶች ግንባታው ካለቀ በኋላ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የሚተዉ ሳይሆኑ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።