ነጠላ ሰረዝ ያስነሣው አድማ

ጋዜጣ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በጸሐፊው ስም ላይ ነው። እሱን እናወድሳለን ወይም እንረግማለን። ፊደሉን አንድ በአንድ የለቀመውን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? ስቴንስል ሲመታና ወረቀት ሲያባዛ የሚያመሽ ጓደኛ የነበረን እኛ እንኳ እንረሳዋለን። እስቲ ዛሬ በአንድ የሩሲያ ዕለታዊ ጋዜጣ ታሪክ እናስታውሰው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ሩስኮዬ ስሎቮ»፣ ማለትም «የሩሲያ ቃል»፣ በ1895 በሞስኮ ሲመሠረት ለዘውዱ ያደረ፣ አንባቢ የራበው ጋዜጣ ነበር። በ1897 ኢቫን ሲቲን ገዛው። ሲቲን በ1851 በኮስትሮማ ግዛት የተወለደ የገጠር ጸሐፊ ልጅ ነው። በልጅነቱ ሞስኮ ገብቶ በመጻሕፍት ሱቅ በተላላኪነት ጀመረ። ቆይቶም ርካሽ ሥዕሎችንና ቀን መቁጠሪያዎችን እያተመ፣ በአዟሪዎች ጀርባ እስከ ገበሬው ጎጆ እየላከ ከበረ። ጋዜጣ እንዲይዝ ደራሲው ቼኾቭ ይጎተጉተው እንደነበር ራሱ በትዝታው ጽፏል።

በ1902 ጋዜጣውን የሚመራ ሰው ተገኘ፤ ቭላስ ዶሮሼቪች። ቀድሞ የሠራበት «ሮሲያ» የተባለ ጋዜጣ በንጉሣዊው ቤተሰብ ላይ የተሣለቀ ጽሑፍ አውጥቶ በዚያው ዓመት ተዘግቷል፤ ጸሐፊው አምፊቴያትሮቭም ወደ ሳይቤሪያ ተግዟል። ዶሮሼቪች ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ሽሙጡ ግን ይዋጋል። ወሬ በቴሌግራፍ ከየከተማው ይጎርፍ ጀመር፤ አንባቢውም በዛ።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ቃል በማን እጅ ነበር የሚለቀመው? የሲቲን ፊደል ለቃሚዎች የሚከፈላቸው በፊደል ቁጥር፣ በሺህ ሒሳብ ነበር። ነጠላ ሰረዙና ነጥቡ ግን ከሒሳቡ አይገባም! ጣት እኩል ይደክማል፤ እርሳሱ እኩል ይመርዛል፤ ክፍያው ግን የለም። በ1905፣ በአሮጌው የሩሲያ ቀን አቆጣጠር መስከረም 19፣ በሲቲን ማተሚያ ቤት ያሉት ለቃሚዎች ሥራ አቆሙ። የሥራ ሰዓት ይቀነስ፣ ክፍያ ይጨመር፣ ነጥቡም ይቆጠር አሉ።

ነገሩ ተራ የደመወዝ ጥያቄ ይመስል ነበር። ግን በየቤቱ ያልተቆጠረ ነገር ነበረና እሳቱ ተዛመተ። የሞስኮ አታሚዎች ተከተሉ፤ የፒተርስቡርግ አታሚዎችም አበሩ። በጥቅምት ባቡሩ ቆመ፤ አገሩም ቆመ። ጥቅምት 17 ቀን ዳግማዊ ኒኮላይ ነጻነትና የሕዝብ ምክር ቤት የሚሰጥ አዋጅ ለመፈረም ተገደደ። በታኅሣሥ ሞስኮ በጦር መሣሪያ ስትነሣ ደግሞ የሲቲን ትልቁ ማተሚያ ቤት በእሳት ጋየ።

ሲቲን እንደገና ሠራው። በ1917 ጋዜጣው በቀን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይታተም ነበር። በዚያው ዓመት በወዛደሩ ስም ሥልጣን የያዙት ቦልሼቪኮች ዘጉት፤ ስሙን እየለዋወጠ እስከ 1918 አጋማሽ ተፍገመገመና ሞተ። ዶሮሼቪች በ1922፣ ሲቲን በ1934 አረፉ።

እኛ ከዚህ ምን እንያዝ? ሲቲን ክፉ ሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ ለገበሬው ያደረሰው መጽሐፍ ስፍር ቁጥር የለውም። ነገር ግን ስለ ፍትሕ የሚጽፈው ጋዜጣ ጓዳው ውስጥ ያለውን ነጠላ ሰረዝ አላየም። በሠራተኛው ስም የመጣውም መንግሥት፣ ሠራተኛው የለቀመውን ቃል ከመዝጋት አልተመለሰም። አንዱ ቃሉን ሸጠ፣ ሌላው ቃሉን ቆለፈ፤ ለቃሚውን ግን ሁለቱም አልጠየቁትም።

እንግዲህ ስለ ነጻነት ስንጽፍ፣ መጀመሪያ ከጎናችን ያለውን ሰው ድካም ቆጥረን እንደሆነ እንጠያየቅ። ነጥቡም ይቆጠራል።