የሳንባ ምች፣ መግልና የሕፃናት ኦፕራሲዮን፤ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት

ሙያዬ ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ሆኖም የሐኪም ቤት የስምምነት ቅጽ የቀረበላቸው ወላጆች «እንፈርም ወይስ ይቅርብን?» ሲሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል። በተለይ የሕፃን ደረት ሊነካ ነው ሲባል «ልጄን አላስቀድድም» ብሎ የሚነሣው ብዙ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሕክምናውም ከሕጉም ጎን በአጭሩ ላቅርበው።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ለማን ነው?

የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ሁሉ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። አብዛኞቹ በአንቲባዮቲክ፣ የጠናባቸውም በመርፌ መድኃኒትና በኦክስጅን ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 740,180 ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ ብዙዎቹን ሊያድን ይችል የነበረው በጊዜ የተሰጠ መድኃኒት ነው።

ነገሩ የሚከብደው በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውሃ ሲቋጥርና ውሃው ወደ መግል ሲለወጥ ነው። ሐኪሞች ይህንን ኤምፓየማ ይሉታል። ሕፃኑ መድኃኒት ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ካልበረደ ወይም ካልተሻለው፣ መግል መኖር አለመኖሩ በራጅና በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ሦስቱ ደረጃዎች

በመጀመሪያው ደረጃ የተቋጠረው ቀጭን ውሃ ነው። ትንሽ ከሆነ በመድኃኒት ብቻ ይጠፋል፤ ከበዛ በቱቦ ይወጣል። በሁለተኛው ይወፍርና ክር በመሰሉ ነገሮች እየተከፋፈለ ጓዳ ጓዳ ይሠራል። በዚህ ጊዜ በቱቦው በኩል ክሩን የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል፤ ወይም በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ ገብቶ ይጸዳል። ለንደን ውስጥ በ60 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሁለቱ መንገዶች የታከሙት ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል።

ሳምንታት ካለፉ ግን ሦስተኛው ይመጣል። መግሉ ጠንካራ ቅርፊት ሆኖ ሳንባውን ጠፍሮ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ደረት ተከፍቶ ቅርፊቱ መላጥ ሊኖርበት ይችላል። ቱቦ ማስገባት ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይሠራል፤ ይኼኛው ግን የደረት ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ በአገራችን ጥቂት ናቸው።

ያ ጠርሙስ ለምንድን ነው?

ብዙ ወላጅ ከአልጋው ሥር ያለውን ውሃ የያዘ ጠርሙስ አይቶ ይደነግጣል። ጠርሙሱ ታሪክ አለው። በ1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጦር ካምፖች መግል የቋጠሩ ወታደሮች ደረት ገና በጠዋቱ ይከፈት ነበርና፣ ከ100ው 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ኤቫርትስ ግሬሃም የተባለው ሐኪም ያለበት ኮሚሽን፣ መግሉ አየር ወደ ደረት ሳይገባ እንዲወጣና ደረት መክፈቱ እንዲዘገይ መከረ፤ ሟቾቹም ወደ 5 ገደማ ወረዱ። ዛሬም የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው አየር ተመልሶ ወደ ደረት እንዳይገባ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከልጁ ደረት በላይ ከፍ አያድርጉት።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራን አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ አሳዳሪ ልጁን ለጤናው ለሚጠቅም ሕክምና የማቅረብ ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ነው ይላል። ልብ ይበሉ፤ እምቢታው የተፈቀደው ለገዛ አካል ነው። ለአሳዳሪ የተሰጠው ልጁን ለሚጠቅመው ሕክምና የማቅረብ ሥልጣን ነው። የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በእኔ አስተያየት እነዚህ ሲነበቡ፣ የወላጅ ፊርማ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሳይሆን የአደራ ፊርማ ነው።

አደራ ያለበት ሰው ይጠይቃል። መግሉ የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ቱቦ ይበቃዋል? ብንጠብቅ ምን ይከተላል? ነቀርሳ ተመርምሯል? ሐኪሙም በሚገባን አማርኛ የመመለስ ግዴታ እንዳለበት አምናለሁ። ቅጹን እያሮጡ ማስፈረም ማስረዳት አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ «ብርድ መትቶት ነው» ብለው አይለፉት። መጥባት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይውሰዱት። የኒሞኮከስ ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣል።

ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ ሳንባቸው ቶሎ ያገግማል፤ በጊዜ የታከሙት አብዛኞቹ ሙሉ ለሙሉ ይድናሉ። ትንሿን ቱቦ ፈርተን ስናመነታ፣ ትልቁን ኦፕራሲዮን እየጠራነው መሆኑን አንርሳ።