የውሻው ሞት ምን አረጋገጠ?



ባለፈው ዓመት የሁለት ወር ደሞዜን አውጥቼ ስልክ ገዛሁ። ማስታወቂያው ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጦ «የኛ ካሜራ በሜጋፒክስል እጥፍ ይበልጣል» ይል ነበር። እኔም «እንግዲያው ፎቶውም እጥፍ ያምራል» ብዬ ደመደምኩ። ማታ ሳነሳበት ግን ከድሮው ስልኬ አይሻልም። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፤ የተሸወድኩት በድምዳሜው ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ ይህንኑ ሕፀፅ የሚያሳይ ታሪክ በየዓመቱ ማስተማሬ ነው። ላልሰማችሁ ላውጋችሁ።

ቶማስ ኤዲሰን በ1882 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ በዲሲ መብራት መሸጥ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ኤሲ ይዞ መጣ። በ1888 የኤዲሰን ኩባንያ «ማስጠንቀቂያ» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ኤሲ ገዳይ ነው አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሃሮልድ ብራውን የተባለ ሰው ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ፣ ተመልካች ሰብስቦ፣ አንድ ውሻ ላይ ዲሲ ለቀቀበት። እስከ 1,000 ቮልት አደረሰው፤ ውሻው ተሠቃየ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በ330 ቮልት ኤሲ ገደለው። «አያችሁ?» ነው ነገሩ።

እስቲ እንመርምረው። ኤሲ የተሞከረው በዲሲ በተጎዳ ውሻ ላይ ነው፤ ይሄ እኩል ፈተና አይደለም። እርግጥ ኤሲ አደገኛ ነው፣ ሰውም ገድሏል። ግን በከፍተኛ ቮልት የሚጓዘው ኤሲ ቤት ከመግባቱ በፊት በትራንስፎርመር ይቀንሳል። ትልቁ ነገር ደግሞ ያልተነገረው ነው፦ የኤዲሰን ዲሲ ከማመንጫው ከ1.5 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን 1890 ዊሊያም ኬምለር የተባለ እስረኛ በኦበርን ወህኒ ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። ጄኔሬተሩ የዌስቲንግሃውስ ነበር፤ ብራውን ነው በዘዴ ያስገዛው። ኤሲና ሞት በሰው አእምሮ እንዲጣበቁ ተፈልጎ ነው። እንዲህ ከሆነማ ሰው ስለሚሰቀልበት ገመድም ከብት አይሰርብን ልንል ነው!

መጨረሻው ይታወቃል። በ1893 የቺካጎ ኤግዚቢሽን በዌስቲንግሃውስ ኤሲ በራ። በ1896 የናያግራ ፏፏቴ ኃይል ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቡፋሎ ገባ። የኤዲሰን ኩባንያ በ1892 ተዋህዶ የፈጠረው ጄኔራል ኤሌክትሪክም ራሱ የኤሲ መሣሪያ ሠራ።

«ስለዚህ ኤሲ ይሻላል» ብላችሁ እንዳትዘጉት። ዛሬ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመራችን ዲሲ ነው! ለእንዲህ ዓይነቱ ረጅም ጉዞ፣ በ500 ሺህ ቮልት፣ ብክነቱ ያንሳል። ኤዲሰን ልክ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ የሱ ዲሲ ሰፈር የማያልፍ ነበር።

ለዚህ ነው «የቱ ይበልጣል?» ሲሏችሁ «ለምን ሥራ? በምን ተለክቶ? ያልተነገረኝስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው። እኔ ሱቅ ቆሜ አንዱንም አልጠየቅኩም።

ስልኩ ግን ይሠራል፤ ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው። እናንተስ በየትኛው ማስታወቂያ ተሸወዳችሁ? ኮመንት ላይ አውጉኝ።